ስም ለመስጠት መግደል

ኦሪት ዘፍጥረት ስለ አዳምና ስለ እንስሳት ሲተርክ ብዙ አንባቢ ሳያስተውለው የሚያልፍ ቅደም ተከተል አለ። እንስሳቱ ስም ይወጣላቸው ዘንድ ወደ አዳም የመጡት በምዕራፍ ሁለት ነው። ሰው ሥጋ እንዲበላ የተፈቀደለት ግን ከጥፋት ውሃ በኋላ፣ በምዕራፍ ዘጠኝ ነው። እስከዚያ ድረስ ለሰውም ለአውሬም የተሰጠው መብል የምድር ቡቃያና የዛፍ ፍሬ ነበር። እንግዲህ በመጽሐፉ አካሄድ የሰው ልጅ ለፍጥረታት ስም ያወጣው እነሱን የመግደል ፈቃድ ከማግኘቱ በፊት ነው፤ እነሱም ስማቸውን የተቀበሉት በፊቱ ቆመው፣ እየተነፈሱና እየተንቀሳቀሱ ነው። ዛሬ ለነፍሳት ስም የሚያወጣው ሳይንስ ይህን ተራ ገልብጦታል። አስቀድሞ ይገድላል፣ ከዚያ ይሰይማል። አንድን ፍጥረት የሚበላን፣ የሚናደፍን ወይም ሰብል የሚያጠፋብን ስለሆነ ሳይሆን ማን እንደሆነ ለማወቅ ብቻ ሲባል መግደል ይገባል ወይ? ጥያቄው የሃይማኖትም የፍልስፍናም ነው፤ በደፈናው ከተነሣ ግን መልሱም ደፈና ይሆናል። ስለዚህ አንድ የነፍሳት ቤተሰብ ይዤ ልመርምረው። የመረጥኩት በሳይንስ ስፊንጊዴ የሚባሉትን ትልልቅና ፈጣን የእሳት እራቶች ሲሆን፣ አገሩም አፍሪካ፣ በተለይም ከኢትዮጵያ እስከ ማዳጋስካር ያለው የምሥራቁ ክፍል ነው።

በዓለም ላይ ከ1,400 በላይ የስፊንጊድ ዝርያዎች ይታወቃሉ። አካላቸው ወፍራም፣ ክንፋቸው ጠባብና ሹል ነው። አብዛኞቹ አበባ ላይ ሳያርፉ አየር ላይ ቀጥ ብለው ቆመው ረጅም ምላሳቸውን ይዘረጉና ጣፋጩን ፈሳሽ ይመጥጣሉ። ስኳር ድንች የሚተክል ገበሬ የአንዷን ልጅ በማሳው ያገኛታል፤ ከጅራቷ በላይ ቀንድ ያላት ወፍራም አባጨጓሬ ናት፤ ስታድግ አግሪየስ ኮንቮልቩሊ የምትባለው ግራጫ የእሳት እራት ትሆናለች። ንብ አናቢ ደግሞ አኬሮንቲያ አትሮፖስን በቀፎው ውስጥ ሊያገኛት ይችላል። ጀርባዋ ላይ የራስ ቅል የሚመስል ምልክት ያላት፣ ሲነኳት የምትጮህ፣ የንቦቹን የሰውነት ሽታ በመምሰል ሳትታወቅ ገብታ ማር የምትጠጣ ናት። የሰብሳቢው ሥራ ቀላል ይመስላል። ጨረቃ በሌለችበት ሌሊት ነጭ አቡጀዲ ወጥሮ ኃይለኛ መብራት ያበራበታል፤ የሚመጡለትን ኤቲል አሴቴት ወይም ሲያናይድ ባለበት ጠርሙስ ያስገባል፤ ከሞቱ በኋላ ደረታቸውን በቀጭን መርፌ ወግቶ፣ ክንፋቸውን በጣውላ ላይ ዘርግቶ ያደርቃቸዋል። ከመርፌው ሥር የተያዙበት ቦታ፣ ከፍታው፣ ቀኑና የሰብሳቢው ስም የተጻፈበት ትንሽ ወረቀት ይሰካል። የዚህች ወረቀት ክብደት በኋላ የምመለስበት ስለሆነ አንባቢ እንዲያስታውሳት እጠይቃለሁ።

ሬሳው ለምን ያስፈልጋል? ከሁሉ የተሻለው ማስረጃ የመጣው ከማዳጋስካር ነው። በ1862 (ከአዋጅ ቁጥር በቀር ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ቻርልስ ዳርዊን ከዚያች ደሴት የመጣ ነጭ የኦርኪድ አበባ ደረሰው። ከአበባው ሥር የተንጠለጠለው ቀጭን ቱቦ ወደ 29 ሴንቲ ሜትር ይረዝማል፤ ጣፋጩ ፈሳሽ ያለው ግን ከቱቦው ታች፣ ጫፉ ላይ ብቻ ነው። ዳርዊን በዚያ አገር ምላሷ ይህን ያህል የሚረዝም የእሳት እራት መኖር አለባት ብሎ ጻፈ። ከአምስት ዓመት በኋላ የአርጋይል መስፍን ይህንኑ አበባ የፈጣሪን እጅ የሚያሳይ ምልክት አድርገው አቀረቡት፤ አልፍሬድ ራስል ዋላስ በበኩሉ በተፈጥሮ ሕግ ብቻ ሊብራራ እንደሚችል መለሰላቸው። በክርክሩ መካከል ዋላስ ያደረገው ነገር ለጉዳያችን ይጠቅማል። ወደ ብሪታንያ ሙዚየም ሄዶ የደረቁ ስፊንጊዶችን ምላስ ለካ። ከአፍሪካ የመጣችው 19 ሴንቲ ሜትር፣ ከደቡብ አሜሪካ የመጣችው ከ23 ሴንቲ ሜትር በላይ ሆና አገኛት፤ ስለዚህ የማዳጋስካሯም ትኖራለች፣ ወደዚያ የሚሄድ ተፈጥሮ ተመራማሪ በልበ ሙሉነት ይፈልጋት አለ። እነዚያን ናሙናዎች የያዟቸው ሰዎች ስለ ኦርኪዱ አንዳች አያውቁም ነበር። ያላሰቡት ጥያቄ ሲነሣ መልሱ በመሳቢያ ውስጥ ተቀምጦ ተገኘ። በ1903 ዋልተር ሮትሺልድና ካርል ጆርዳን የዓለምን ስፊንጊዶች በመረመሩበት ሥራቸው የማዳጋስካሯን ገልጸው፣ በዋናው የአፍሪካ ምድር የምትኖረው የዛንቶፓን ሞርጋኒ ንዑስ ዝርያ አድርገው መዘገቧትና ፕሬዲክታ አሏት፤ አስቀድሞ የተነገረላት ማለት ነው። ዳርዊን ያኔ ከሞተ ሃያ አንድ ዓመት ሆኖት ነበር።

ታሪኩ ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ይቆማል፤ ለእኔ ግን ዋናው የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው። በ2021 ተመራማሪዎች የማዳጋስካሯን ከአፍሪካዋ ጋር በአካልም በዲኤንኤም አወዳድረው ንዑስ ዝርያ ሳትሆን ራሷን የቻለች ዝርያ እንደሆነች አረጋገጡ። ከመቶ ዓመት በላይ የቆየ ስያሜ ታረመ ማለት ነው። ይህን የሚሰማ አንድ ፈላስፋ ሊቃወም ይችላል፤ «ስሙ እንዲህ የሚለዋወጥ ከሆነ ዝርያ የሚባለው ነገር በተፈጥሮ ውስጥ የለም፤ ሰው ለአመቺነቱ የሚለጥፈው ነው፤ ለምን ታዲያ ለተለጣፊ ነገር ሕይወት ይጠፋል?» ይላል። ተቃውሞው ብርቱ ነው፤ ግን ማስረጃውን ገልብጦ ያነባል። ስሙ የተለወጠው ሰዎች ስለፈለጉ አይደለም፤ የነፍሳቱ አካል ራሱ የቀድሞውን ስያሜ ስላልተቀበለ ነው። ሰው በዘፈቀደ የሚለጥፈው ነገር ከውጭ በሚመጣ ማስረጃ አይታረምም፤ ይህኛው ግን ታረመ፤ እንዲታረም ያደረገውም ሬሳው መኖሩ ነው። ሮትሺልድና ጆርዳን የጻፉትን ሌላ ሰው ሊፈትነው የቻለው የጻፉበት አካል ስለተጠበቀ ነው። የተሰካው ናሙና ፍርድ ቤት እንደተጠራ እማኝ ነው፤ ስለ ዘመዶቹ ሁሉ ይመሰክራል፣ ማንም በየትኛውም ዘመን መልሶ ሊጠይቀው ይችላል። በዚህ ምክንያት ስም ለመስጠት መግደል ፈጽሞ አይገባም ከሚሉት ወገን አልቆምም። ግን የምቀበለው ምክንያት ይህ አንዱ ብቻ ስለሆነ ግዴታውም ከዚሁ ይመነጫል። እማኙ ሊጠየቅ ካልቻለ ሞቱ ምክንያት አጥቷል። የቦታና የቀን ወረቀት የሌለው ናሙና፣ ክንፉ ስላማረ ብቻ በመስተዋት ተሸፍኖ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ናሙና፣ በግል ሣጥን ተቆልፎ ማንም የማያየው ናሙና፣ ሦስቱም ያለ ምክንያት የተገደሉ ናቸው። ሰብሳቢው ሲይዛቸው ልቡ ምን ያህል ቅን እንደነበር ይህን አይለውጠውም። የድርጊቱ ትክክለኛነት የሚወሰነው ከጠርሙሱ በኋላ በሚሠራው ሥራ ነው፤ ያቺ ትንሽ ወረቀትም የሳይንስ ሥርዓት ብቻ ሳትሆን የሥነ ምግባር ግዴታ ናት።

የእማኙ ቃል ወሰን እንዳለውም መቀበል ይገባል። የደረቀ አካል ማን እንደነበረ ይናገራል እንጂ እንዴት ይኖር እንደነበረ ብዙ አይናገርም። ፕሬዲክታ ከተሰየመች በኋላ ለብዙ አሥርት ዓመታት ያንን ኦርኪድ ስትጎበኝ ያያት አልነበረም፤ ስትመጥጥ ፎቶግራፍ የተነሣችው በ1990ዎቹ ነው፤ ያም ሊሆን የቻለው ሕያው በሆነች የእሳት እራት ነው። በኬንያ የተደረገ ጥናትም ይህንኑ ያሳያል። የፓፓያ ወንዱና ሴቷ በተለያየ ዛፍ ላይ ስለሚሆኑ ፍሬ እንዲገኝ ብናኙን ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያደርስ ያስፈልጋል፤ በዚያ ሥራ ዋናዎቹ ስፊንጊዶች እንደሆኑ፣ ማሳው ለተፈጥሮ ዕፅዋት በቀረበ መጠን ደግሞ ጉብኝታቸው እንደሚጨምር የታወቀው በምሽት አበባ ሥር ተቀምጦ በመመልከት ነው። በኢትዮጵያም የሚበቅለው ኤራንጊስ ብራኪካርፓ የሚባል ነጭ ኦርኪድ ቱቦው ከ12 ሴንቲ ሜትር በላይ ነው፤ ረጅም ምላስ ካላት የእሳት እራት በቀር የሚደርስለት የለም። ይህን የመሰለ ትስስር መርፌ ላይ ያለ አካል ብቻውን ሊነግረን አይችልም። የእኛ የሥነ ፍጥረት ትምህርት የሐሙስ ፍጥረታትን የሚሳቡ፣ የሚሽከረከሩና የሚበሩ ብሎ ይከፍላቸዋል። የእሳት እራት ግን በአንድ ዕድሜዋ ከሚሳበው ወደሚበረው ትሸጋገራለች፤ የሚበረውን ብቻ ይዞ የሰየመ ሰው የሰየመው እኩሌታዋን ነው። አባጨጓሬውን ከሚበላው ቅጠል ላይ አንሥቶ፣ እየመገበ፣ ፑፓ ሆኖ እስኪፈለፈል የሚጠብቅ ሰው በመብራት ከሚያጠምደው የበለጠ ያውቃል፤ የተፈለፈለችውንም ካያት በኋላ ሊለቃት ይችላል። ማሪያ ሲቢላ ሜሪያን በሱሪናም ያየቻቸውን የእሳት እራቶች ከእነ አባጨጓሬያቸውና ከእነ ምግብ ተክላቸው በአንድ ገጽ ላይ ሥላ በ1705 ያሳተመችው መጽሐፍ ይህ መንገድ ምን ያህል አሮጌ እንደሆነ ያሳያል። አስቸጋሪነቱ ትዕግሥት መጠየቁ ነው፤ ትዕግሥት ማነስ ደግሞ ለመግደል በቂ ምክንያት ሊሆን አይችልም።

ከተቃራኒው ወገን የሚመጣው ክርክር ጥያቄው ራሱ ከንቱ ነው የሚል ነው። አንዲት ሴት የእሳት እራት በመቶ የሚቆጠሩ እንቁላሎች ትጥላለች፤ አብዛኞቹ ልጆቿ ለወፍ፣ ለተርብና ለበሽታ ይዳረጋሉ፤ የመንገድ መብራትና የተባይ መርዝ የሚፈጁት ሰብሳቢዎች ሁሉ ተባብረው ከሚይዙት ጋር አይወዳደርም። ስለዚህ ስለ ጥቂት ናሙናዎች መጨነቅ ምን ይጠቅማል ይባላል። የቁጥሩን ነገር እቀበላለሁ። በልክ የሚሰበስብ ሰው በሰፊ ደን ውስጥ ያለን ዝርያ አያጠፋም። ይሁን እንጂ ሌላው ብዙ መግደሉ የእኔን ጥቂት መግደል ትክክል አያደርገውም፤ እንዲህ ያለው ክርክር በሰው መካከል ቢነሣ ማንም አይቀበለውም። ደግሞም ሁሉም ቦታ ሰፊ ደን አይደለም። በጎጃምና በደቡብ ጎንደር የቀረው የጥንቱ ደን በአብዛኛው በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ዙሪያ ያለው ነው፤ በእርሻና በግጦሽ የተከበበ እንደ ደሴት ተነጥሎ የቆመ ነው። እንደዚያ ባለ ቦታ የአንድ ተክል ብቻ ቅጠል የምትበላ የእሳት እራት ብትኖር ቁጥሯ ትንሽ መሆኑ አይቀርም፤ በዚያ ሌሊቱን ሙሉ በበራ መብራት የመጣውን ሁሉ ጠርሙስ ውስጥ መክተት በሰፊ ደን እንደሚደረገው ቀላል ተደርጎ ሊታይ አይገባም። «ነፍሳት ምን ይሰማቸዋል?» ለሚለው ደግሞ ክርክሩ በሳይንሱ አልተቋጨም፤ የታወቀው ግን ቸልተኝነትን አይፈቅድም። በ2002 የታተመ የስዊድን ተመራማሪዎች ሙከራ አንዲት የአውሮፓ ስፊንጊድ በከዋክብት ብርሃን ብቻ፣ ለሰው ዓይን ሁሉ ነገር ግራጫ በሚሆንበት ጨለማ፣ ቀለም ለይታ ምግብ ያለበትን እንደምትመርጥ አሳይቷል። በ2022 ደግሞ ትንሽ የሬዲዮ ማሰራጫ የተለጠፈባቸው አኬሮንቲያዎች ነፋሱ ቢቃወማቸውም አቅጣጫቸውን ሳይለቁ ወደ አልፕስ ተራሮች ሲበሩ ተመራማሪዎች በአውሮፕላን ተከትለዋቸዋል። የምትማር፣ የምትመርጥና መንገዷን የምታውቅ ፍጥረት ከሆነች፣ ሞቷ ፈጣን እንዲሆንና ከሚያስፈልገው ቁጥር በላይ እንዳትያዝ መጠንቀቅ የሚያስወጣን ዋጋ ትንሽ ነው፤ ባንጠነቀቅና ብንሳሳት ግን በደሉ ትልቅ ነው።

ሌላው ተቃውሞ የዘመኑ ነው፤ ስልክ ሁሉ ካሜራ በሆነበት ጊዜ ፎቶግራፍ አይበቃም ወይ የሚል። ለብዙዎቹ ይበቃል። አኬሮንቲያ አትሮፖስን ወይም አግሪየስ ኮንቮልቩሊን ለመለየት ዛሬ መግደል የሚያስፈልገው ማንም የለም፤ አቡጀዲው ላይ አርፋ ሳለች ፎቶ አንሥቶ መብራቱን ማጥፋት በቂ ነው። የታወቁትን ደግሞ ደጋግሞ እየገደሉ ሣጥን መሙላት በምንም ምክንያት አይደገፍም። ነገር ግን ቴምኖራ የሚባለውን የአፍሪካ ወገን የተመለከተ ሰው የፎቶግራፍን ወሰን ያውቃል። በርካታ ዝርያዎቹ ትንንሽ፣ ቡናማና እርስ በርስ የሚመሳሰሉ ናቸው፤ እርግጠኛ ለመሆን የሆዱን ጫፍ በፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ አለስልሶ የመራቢያ አካሉን በማይክሮስኮፕ ማየት ወይም ዲኤንኤውን መመርመር ይጠይቃል። ዲኤንኤ ከአንዲት እግር ብቻ ስለሚገኝ አንዳንዶች ይህ መግደልን ጨርሶ ያስቀራል ብለው ተስፋ ያደርጋሉ። ተስፋቸውን እጋራለሁ፤ ግን የዲኤንኤው ፊደል የማን እንደሆነ የሚታወቀው ቀድሞ በትክክል ከተሰየመ አካል ከተገኘ ፊደል ጋር ሲመሳከር ነው። መነሻው አካል ከሌለ ፊደሉ ባለቤት የሌለው ይሆናል። ስለዚህ የሚያስፈልገው አካል ቁጥር በጣም ይቀንሳል እንጂ ዜሮ አይሆንም፤ የእኔም ክርክር ከዚህ አያልፍም።

በምእመናን ዘንድ ከሁሉ የጠለቀው ተቃውሞ ግን ሌላ ነው። እግዚአብሔር ፍጥረቱን ሁሉ ያውቃል፤ ሰው የሌሊት ትል ሁሉ ስም ባያውቅ ምን ይጎድልበታል? ይህ እውቀት ለነፍስ ምን ይረባል? አባቶቻችን ፊሳልጎስ የተባለውን ስለ እንስሳት የሚናገር መጽሐፍ ከግሪክ ወደ ግእዝ ሲመልሱ ከእንስሳት የፈለጉት ትምህርተ ሃይማኖትንና ምግባርን ነበር፤ አክሲማሮስም የስድስቱን ቀን ፍጥረት የሚተርከው ፈጣሪን ለማሳወቅ ነው። ይህን ትውፊት አከብራለሁ፤ ከእንስሳ ምሳሌ መውሰድ እንስሳውን ከመናቅ እጅግ ይሻላል። ነገር ግን ምሳሌ የሚወስድ ሰው ከፍጥረቱ የሚፈልገው አስቀድሞ በልቡ ያለውን ነው። የአውሮፓ ሕዝብ አኬሮንቲያን ለዘመናት የሞት መልእክተኛ አድርጎ ሲፈራት የኖረው ጀርባዋን እንደ ምልክት ስላነበበ ነው፤ እሷ ግን ማር ፈላጊ ናት። የአርጋይል መስፍንና ዋላስም ቢሆኑ አበባውን እያንዳንዳቸው ለያዙት ክርክር ጠሩት። በዘፍጥረቱ ትረካ ግን አምላክ ስሙን አያዝም፤ እንስሳውን አምጥቶ ሰውየው ምን ብሎ እንደሚጠራው ይጠብቃል። ሁሉን የሚያውቀው የሰውን ትኩረት ከጠበቀ፣ ያ ትኩረት ለሰው የተሰጠ ሥራ እንጂ ትርፍ ነገር አይደለም። ንጉሥ ሰሎሞን ከጥበቡ ጋር የተመሰገነው ስለ ዛፎች፣ ስለ አዕዋፍና ስለሚሳቡ ፍጥረታት በመናገሩም ጭምር ነው። ስለዚህ ተቃዋሚው ሁለት ነገር ያቀላቅላል። ስም መስጠቱ ከንቱ አይደለም፤ ከንቱ ሊሆን የሚችለው ስሙን ለራስ ክብር መፈለግ ነው። አዲስ ዝርያ ሰየምኩ ለማለት ሲባል ልዩነታቸው ያልተፈተነ ናሙናዎችን በችኮላ የሚሰይሙ ሰዎች ለተከታዩ ትውልድ የሚተዉት እዳ ነው፤ ስሞቻቸው አንድ በአንድ እየተመረመሩ መሰረዝ አለባቸው፤ ለእነዚያ ስሞች የሞቱት ነፍሳት ግን አይመለሱም።

እስካሁን የተናገርኩት ሁሉ ትክክል ከሆነ ከኢትዮጵያ አንጻር አንድ ከባድ ነገር ይከተላል። እማኝ የሚጠቅመው ጠያቂ ሊደርስበት በሚችልበት ቦታ ሲሆን ነው። ከአፍሪካ የተሰበሰቡትና ስም የቆመባቸው የመጀመሪያ ናሙናዎች አብዛኞቹ ያሉት በአውሮፓ ሙዚየሞች ነው፤ ሮትሺልድ በትሪንግ ያሰባሰበው ብቻ ከ2 ሚሊዮን በላይ ቢራቢሮዎችና የእሳት እራቶች ነበር፤ ከእሱ ሞት በኋላ ለብሪታንያ ሙዚየም ተላልፏል። በሚገባ መጠበቃቸውን ማመስገን ተገቢ ነው፤ ያ ጥበቃ ባይኖር የ2021ዱ እርማትም ይቸገር ነበር። ግን የእሳት እራቷ የምትኖርበት አገር ተማሪ ስሟን ለማረጋገጥ ቪዛና የአውሮፕላን ትኬት ካስፈለገው፣ ምስክርነቱ ለሩቅ ሰው ብቻ የሚሰማ ሆኗል። የኢትዮጵያ አዋጅ ቁጥር 482/1998 (ይህ ዓመት ብቻ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) የብዝኃ ሕይወት ሀብት ያለ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጣ፣ ጥቅሙም የጋራ እንዲሆን ይደነግጋል። አንዳንድ ተመራማሪዎች ይህን መሰል ሕግ ለእውቀት እንቅፋት አድርገው ያዩታል፤ የፈቃዱ ሂደት ሊያሰለች እንደሚችልም አልክድም። እኔ ግን ከላይ ከተናገርኩት ግዴታ አንዱን ክፍል በሕግ ቋንቋ የጻፈ ሆኖ አየዋለሁ። በአንድ ሌሊት ከተያዙት ናሙናዎች ቢያንስ አንዱ በአራት ኪሎው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ከነሙሉ ወረቀቱ እንዲቀር፣ ወደ ውጭ የወጡትም በጥራት ፎቶግራፍ ተነሥተው፣ ዲኤንኤያቸው ተመዝግቦ፣ መረጃቸው ለማንኛውም ጠያቂ ያለ ክፍያ እንዲከፈት ማድረግ ሰብሳቢው በፈቃደኝነት የሚለግሰው ችሮታ አይደለም። ለገደለው ፍጥረት የሚከፍለው ነው፤ ይህን ለመክፈል ዝግጁ ያልሆነ ሰው መብራቱን ባያበራ ይሻላል።